የተራራ ኡሎንግ አልጣፍጥ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የማወራው ስለ ታይዋኑ የተራራ ኡሎንግ፣ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መሃል ስላለው ሻይ ነው። ከ1000 ሜትር በላይ የሚበቅለው፣ አሊሻን፣ ሻንሊንሺ፣ ሊሻን እየተባለ በተራራው ስም የሚሸጠው፣ ቅጠሉ ተድበልብሎ እንደ ሽምብራ የደደረው። ውድ ነው። ስለዚህ አልጣፍጥ ሲል ያናድዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም።

ያውዳል፣ ሲጠጡት ግን ውሃ ውሃ ይላል

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ምክንያቱ የውሃው መብረድ ነው። ሻዩ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ብዙ ሰው እንዳይቃጠል ብሎ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ኧረ ተዉ! ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ቅጠል ያለ ፈላ ውሃ አይፈታም። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ይብሳል፤ በከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ እየተንተከተከ ካልቀዳችሁትና በራዱም ቀዝቃዛ ከሆነ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ለብ ወደ ማለቱ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። በራዱን ወይም ጋይዋኑን (ክዳን ያለውን የቻይና ሲኒ) በፈላ ውሃ አሙቁና ድፉት። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ግራም ገደማ ቅጠል ጨምሩ፣ ሚዛን ከሌላችሁ የበራዱን ወለል ሸፈን እስኪያደርግ። ያው ቅጠል በየዙሩ አዲስ ውሃ እየተጨመረበት ይፈላል፤ የመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ አዲስ አበባ ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ቅጠሉን እዩት። አሁንም ድቡልቡል ከሆነ ውሃው አልሞቀም ማለት ነው። በደንብ ከተፈላ በሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ዘንግ ከነሁለት ሦስት ቅጠሉ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ፤ ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ጠርዝም ይኖረዋል።

ይመራል፣ አፍ ያደርቃል

ወይ ቅጠሉ በዝቷል ወይ በዙር መሃል ውሃ አስቀርታችኋል። በራዱ ስር የቀረችው ትንሽ ውሃ ቀጣዩን ዙር እስክታፈሉ ድረስ መራራውን እያወጣች ትቆያለች፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፍጥፉ። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከመጀመሪያው ያጥራል፣ ቅጠሉ አንዴ ተፈቷላ! ከሦስተኛው ጀምሮ እየጨመራችሁ ሂዱ።

ትንሽ ምሬት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ከዋጣችሁት በኋላ ጉሮሮ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ከተመለሰ ጥሩ ሻይ ይዛችኋል። ምላስ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን ቅጠሉን ጠርጥሩ።

ወተት ወተት ይሸታል

ጂን ሹዋን የሚባለው ዝርያ (በ1981 የወጣው ታይዋን ሻይ ቁጥር 12) በተፈጥሮው ለስላሳ የወተት ጠረን አለው። ለስላሳ ነው ያልኩት! ፓኬቱ ሲከፈት እንደ ከረሜላ ቤቱን ሞልቶት በሁለተኛው ዙር ድራሹ ከጠፋ፣ ሽታ ተጨምሮበታል። ለዚህ መፍትሄ የለም፣ ሁለተኛ አትግዙት።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን ሞተ

ፓኬቱ ተከፍቶ ቆይቷል። ሻይ ሽታ ይስባል፤ በርበሬ፣ ዕጣንና የሚቆላ ቡና ባለበት ቤት ደግሞ ምን እንደሚሆን ገምቱ። አየር በማያስገባ ቆርቆሮ፣ ከማብሰያው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እርጥበት ብቻ ከሆነ የገባው፣ በደረቅ መጥበሻ፣ በጣም በቀዘቀዘ እሳት እያገላበጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ብታሞቁት ይነቃል። የበርበሬ ሽታ ከያዘ ግን አይለቅም።

እኔ ነኝ ወይስ ሻዩ?

ታይዋን ውስጥ የሻይ ውድድር ዳኞች የሚያደርጉትን አድርጉ። 3 ግራም ቅጠል፣ 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ነጭ ሲኒ፣ 6 ደቂቃ። ጭካኔ ነው፣ ግን ሻዩ የደበቀውን ሁሉ ያወጣል። መጀመሪያ በማንኪያ ትኩሱን ቅመሱ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እንደገና። ቀዝቅዞም ከጣፈጠ ችግሩ አፈላላችሁ ላይ ነው። ትኩስ እያለ ደህና ሆኖ ሲቀዘቅዝ ሣር ሣር ካለና ከመረረ፣ ሻጩን ቀይሩ።