ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አይጠይቅም፦ የቅባት እህል ማሳ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰሊጡ ወይም ጎመንዘሩ ቢጫ ሲሆን የብዙ ገበሬ እጅ በቀጥታ ወደ ዩሪያ ከረጢት ይዘረጋል። አንዳንዴ ይሳካል፤ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ቅጠል ሆኖ ይቀራል። ከግዢው በፊት ማሳ ገብቶ ተክሉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ማየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል

ቢጫው ከታች ከጀመረ ናይትሮጅን አጥሯል ማለት ነው፤ ተክሉ ካረጁት ቅጠሎች እየወሰደ ለለጋዎቹ ይሰጣልና። ለጋዎቹ ቀድመው ከገረጡና የታችኞቹ አረንጓዴ ከሆኑ ግን የጎደለው ሰልፈር ሊሆን ይችላል። ሰልፈር ካረጀ ቅጠል ወደ ለጋው በቀላሉ አይሄድም። ጎመንዘር ደግሞ ሰልፈር አብዝተው ከሚፈልጉ ሰብሎች አንዱ ነው። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ሰልፈር ግን የለውም። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያም ሰልፈር የለውም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ግን በ100 ኪሎው 7 ኪሎ ያህል ሰልፈር ይይዛል። ከተጠራጠሩ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ዩሪያ፣ በሌላው ላይ ጂፕሰም (ሰልፈርና ካልሲየም ያለው ማዕድን) ጨምረው ዝናብ ካገኘ በኋላ የትኛው እንደሚያገግም ይመልከቱ። ከማንኛውም ግምት ይህ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ማዳበሪያ አይደለም። ሰሊጥ በዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛበት ሥሩ አየር ያጣና ይገረጣል። አንድ ተክል ነቅለው ሥሩን ይዩ፤ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ መድኃኒቱ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ነው። ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ዩሪያ መበተን ናይትሮጅኑን ወደ አየር መሸኘት ነው።

ችግር፦ ተክሉ ድንክ ሆኗል፣ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ያደላል

ፎስፈረስ አጥሯል። በአሲዳማ የደጋ መሬት አሉሚኒየምና ብረት ስለሚይዙት ማዳበሪያ ቢጨመርም ለሥሩ አይደርስም። አፈሩን ያስመርምሩ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ከመዝራት አስቀድሞ ኖራ ይጨመር። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በዘር ወቅት ከዘሩ ጎን መቀበር አለበት፤ ከበቀለ በኋላ ላይ ላዩን መበተን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ማዳበሪያው ዘሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ በተለይ ተልባ ይህን አይችልም፣ ሳይበቅል ይቀራል።

ችግር፦ ቁመቱና ቅጠሉ ያምራል፣ ምርቱ ግን የለም

ናይትሮጅን በዝቷል። ተክሉ ማደጉን ትቶ ወደ አበባ ለመዞር ይዘገያል፣ ይጋሸባል። ጉዳቱ በዘሩ ውስጥም አለ፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ የዘይቱ ድርሻ ይቀንሳል። ኩንታሉ ሞልቶ ዘይት ፋብሪካው የሚያማርረው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ዩሪያውን ከፋፍለው ይስጡ፤ የመጨረሻው ከእምቡጥ በፊት ይለቅ፣ ካበበ በኋላ አይጨመር።

ኑግ ላይ ግን ባዶ የአበባ ራስ ካዩ ማዳበሪያን ከመውቀስዎ በፊት ንቦቹን ይፈልጉ። ኑግ በአብዛኛው ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ አይይዝም። ባበበበት ሰሞን ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ የትኛውም ከረጢት አያድነውም።

የፈረንጅ ሱፍ መሃሉ ባዶ ሲሆን፣ የላይኛው ቅጠልም ሲጨማደድ ቦሮን ይጠረጠራል። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ከሚያስፈልገው ትንሽ ሲያልፍ መርዝ ስለሚሆን ያለ ባለሙያ ምክር አይሞከር።

ችግር፦ ኦቾሎኒው ቅርፊት አለው፣ ፍሬ የለውም

እንደ ባቢሌ ባሉ አሸዋማ መሬቶች ይህ ካጋጠመ የጎደለው ካልሲየም ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ካልሲየሙን የሚጠጣው በዙሪያው ካለው አፈር በቀጥታ ነው፤ በቅጠል ላይ ቢረጭ አይደርሰውም። ማበብ ሲጀምር ጂፕሰም በመስመሩ ላይ፣ ፍሬው በሚቀበርበት ቦታ ይበተን።

ችግር፦ የጎመንዘር ፋጉሎን ከብቶቹ አልወደዱትም

ሰልፈር ሲበዛ ፋጉሎውን የሚያመርሩት ውህዶች በዘሩ ውስጥ ይጨምራሉ። ኤንፒኤስ በበቂ መጠን የገባበት ማሳ ላይ ጂፕሰም አይደርቡ። ዝርያው ራሱ መራራ ከሆነ ግን ማዳበሪያ አይለውጠውም፤ ፋጉሎውን ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅለው በጥቂቱ ያብሉ።