ለአዲስ ሰለምቴ፦ ከውዱእ እስከ መጀመሪያው ሶላት

ሸሃዳ (የእምነት ምስክርነት) በያዙበት ዕለት ሁሉን ለማወቅ አይጣደፉ። ገላዎን ይታጠቡ፤ ቀጥሎ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) እና ሶላት ይቅደሙ።

በአዲስ አበባ አካባቢ፣ ዓለም ባንክም ይሁን ፉሪ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለውዱእ ባልዲ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ1 ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ከጀሪካኑ አንድ ሃይላንድ ይቅዱ። በልብዎ ነይተው (አስበው) «ቢስሚላህ» ይበሉና እጅዎን፣ አፍና አፍንጫዎን፣ ፊትዎን፣ ቀኝና ግራ ክንድዎን እስከ ክርኑ ጭምር ይታጠቡ። በረጠበ እጅ ራስዎንና ጆሮዎን 1 ጊዜ ያብሱ፤ በመጨረሻ እግርዎን እስከ ቁርጭምጭሚት ይታጠቡ። የሚታጠበውን 3 ጊዜ ማጠብ ሱና (የነቢዩ ልማድ) ነው፤ ውሃ ካጠረ 1 ጊዜ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ የሚቀረው ተረከዝ ነው። የጥፍር ቀለም ውሃ ስለማያሳልፍ አስቀድሞ ይልቀቅ። የክረምት ጭቃ መርገጥ ውዱእ አያፈርስም።

ከአዲስ አበባ ቂብላው (በሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ) ሰሜን ነው፣ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የፀሐይ መውጫን በቀኝ፣ መግቢያዋን በግራ ትከሻዎ ያድርጉ። ቃሊቲ የሚኖር ሰው እንጦጦን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከአየር ጤና ግን ተራራው ወደ ቀኝ ስለሚውል በእሱ ብቻ አይመሩ።

ልምምዱን 2 ረከዓ (የሶላት ዙር) ባለው ሱብሂ (የንጋት ሶላት) ይጀምሩ። «አላሁ አክበር» ብለው ፋቲሃን (የቁርኣንን የመጀመሪያ ምዕራፍ) በቃል ይበሉ፤ ሩኩእ ያድርጉ (ከወገብ ያጎንብሱ)፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ከዚያ በመካከል እየተቀመጡ 2 ጊዜ ሱጁድ ይውረዱ። በሱጁድ ግንባር ከነአፍንጫ፣ ሁለቱ መዳፎች፣ ጉልበቶችና የእግር ጣቶች መሬት ይነካሉ፤ ጀማሪ ጣቶቹን ያነሳልና ልብ ይበሉ። ከሁለተኛው ረከዓ በኋላ ለተሸሁድ (ተቀምጦ ለሚባለው የምስክርነት ቃል) ተቀምጠው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያሰላምቱ።

ፋቲሃን እስኪይዙ ድረስ በቦታው «ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ አላሁ አክበር» ይበሉ። በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ከተገኘው ብቻ አይሸምድዱ፦ እኛ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን አንድ አድርገን ስለምናነብ የዓረብኛው ድምፅ ይጠፋል። 7ቱን አንቀጾች ከኡስታዝ አፍ እየሰሙ፣ በቀን አንድ አንድ ቢይዙ ይሻላል።

ከወላጆችዎ ጋር የሚኖሩ ከሆነ፣ ሙስሊም ባይሆኑም በመልካም እንዲኗኗሯቸው ቁርኣን (31፡15) ያዛል። መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት) እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገባል፤ ጊዜው አጭር ነውና የሚሰግዱበትን ጥግ ቀደም ብለው ያሳውቋቸው፣ ቡናውንም ከሰገዱ በኋላ አብረው ይጠጡ።