ከውዱእ የወረደው ውሃ ዛፍ እንዲያሳድግ፦ ለመስጊድ ጀመዓዎች

እኛ ሰፈር ችግኝ የሚሞተው ጥር ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ያልተከለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እንዲሁ ያልፋሉ። ጥር ላይ ግንዱን በጥፍር ጫር ስታደርጉት ውስጡ ደርቆ ቡናማ ሆኗል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው። የመስጊዳችን ጀመዓ በመጀመሪያው ዓመት 60 ችግኝ ተከለ። መጋቢት ላይ የተረፉት 9 ነበሩ። በዚያው በጋ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከውዱእ (ከሶላት በፊት ከሚደረገው መታጠብ) ማድረጊያው የሚወጣው ውሃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ መንገዱን ያጨቀየው ነበር። እግራችንን ታጥበን ስንወጣ ያንኑ ጭቃ እንረግጣለን። ውሃው እዚያው፣ ችግኙም እዚያው። በመካከላቸው የጎደለው 12 ሜትር ቱቦ ብቻ ነበር።

አሁን ቱቦው አለ። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ።

1. ከኢማሙና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩ

ሁለት ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንደኛው ስለ ውሃው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ውዱእ የተደረገበት ውሃ ንጹሕ ነው፤ ዳግም ውዱእ ማድረጊያ ግን አይሆንም። ስለዚህ ለዛፍ ቢሰጥ ምንም ክልከላ የለበትም። ሁለተኛው ፍሬውን ማን ይበላዋል የሚለው ነው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆን በሐዲስ ተላልፏል። ይህን ስናነሳ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

የእኛ ሸኽ ግን ያላሰብነውን ጠየቁ። «እሺ፣ ሁሉም ይሁን። የውሃውን ቁልፍ በየቀኑ ማን ያዞረዋል?» ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ መልስ ይኑራችሁ። እኛ ለመድረሳ ልጆች ሰጠነው፤ ለሁለት ሁለት ልጅ አንድ አንድ ሳምንት። ስማቸው በር ላይ ተለጥፏል። ልጆች ተራቸውን ከአዋቂ በላይ ያከብራሉ።

2. ውሃውን ለኩ

ከቧንቧው ሥር ባልዲ አድርጉና ሦስት ሰው እንደ ልማዱ ውዱእ ያድርግበት። ከዚያ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየቀዳችሁ ቁጠሩ። እኛ ጋ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ የከፈተ ሰው 6 ሊትር ገደማ አፈሰሰ። በቀስታ የከፈተው 2 ሊትር አልሞላም።

አንድ አባት አሉን፤ እድሜያቸው ገፍቷል። ቧንቧ አይጠቀሙም። ከቤታቸው ትንሽ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዘው ይመጣሉ። ግራ እጃቸው ላይ ቀስ አድርገው ያንቆረቁራሉ፣ መዳፋቸው ሲሞላ ያቆማሉ፣ ያሻሉ፣ እንደገና ያንቆረቁራሉ። እግራቸውን ጨርሰው ሲነሱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገና ውሃ አለ። እሱን አጠገባቸው ያለችው ችግኝ ሥር ይደፉታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ አውርተዋል። ሙድ ወደ 0.7 ሊትር ይጠጋል። እኚህን አባት እስካይ ድረስ በዚያች ውሃ ውዱእ የሚሞላ አይመስለኝም ነበር።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ውሃው ዛፍ ያጠጣል ብሎ ቧንቧ መልቀቅ አይገባም። ኢስራፍ (ብክነት) ምንጊዜም ኢስራፍ ነው። በቁጠባም ቢሆን ይበቃል። ለዙህር (ለቀትር ሶላት) 50 ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ 2 ሊትር ቢጠቀም 100 ሊትር ነው። አንድ ለጋ ችግኝ በበጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ካገኘ ይዘልቃል። አንድ ዙህር ብቻውን አምስት ችግኝ ለሳምንት ያጠጣል ማለት ነው።

3. ቱቦውን ዘርጉ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውዱእ ውሃና የሽንት ቤት ውሃ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ብዙ መስጊድ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ነው የሚወጡት። የእኛም እንደዚያ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ለየነው፤ ከወጪው ትልቁ እሱ ሆነ። በሳሙና እጅ የሚታጠቡበት ገንዳ ካለም ለብቻው ይውጣ።

ቱቦው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። ሜዳ ላይ ከተኛ ደለል ይዘጋዋል። መሃል ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አስገቡና ሁለት ቫልቭ (የውሃ ቁልፍ) ግጠሙ፤ አንዱ ወደ ዛፎቹ፣ አንዱ ወደ ጎርፍ መውረጃው።

ቱቦው ዛፎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ማጣሪያ በርሜል ይኑር። ከታች ትልልቅ ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ። የእግር ጭቃ፣ ፀጉርና የመፋቂያ ጭረት አሸዋው ላይ ይቀራል። በየሁለት ሳምንቱ የላይኛውን አሸዋ ጠርጋችሁ ለውጡ። ውሃውን ግን አታጠራቅሙ። ሲያድር ይሸታል፤ ቢምቢም ይራባበታል። የዕለቱን ለዕለቱ ልቀቁት።

4. የሚሆነውን ዛፍ ምረጡ

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ወይራ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅ ይችላል። ደግሞ መፋቂያችን እሱ ነው። በቁርኣን የተባረከ ዛፍ የተባለው ዘይቱን ገበያ ላይ በዚህ ስም የምንገዛው ፍሬ አይደለም፤ የኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታኝኮ፣ ከሶላት በፊት ጥርስ ይፋቅበታል። ስለዚህ ወይራ የተከለ መስጊድ ሱናውን ከነዛፉ ያገኛል። ከወይራ ጋር ዋንዛና ብሳና ለጥላ፣ ኮክ ለፍሬ ጨምሩ። ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ፤ ግቢውን ብቻውን ይጠጣዋል።

ሰላጣና ካሮት፣ ማለትም ጥሬውን የሚበላ ነገር፣ በዚህ ውሃ አታልሙ። እግር የታጠበበት ነው።

5. እንደ አፈሩ ትከሉ

ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም ግማሽ ሜትር ይሁን። ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ ሐምሌ ላይ ትከሉ። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን መልሱ። የችግኙን ፕላስቲክ ማውጣት አትርሱ።

እኛ ጋ አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ውሃ አቁሮ ሥሩን ያፍነዋል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቅና ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብ ያለው ላይ ትከሉ። መስከረም ላይ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካው። ውሃው የሚገባበትን ክብ ቦይ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ፍየል ካለ እሾህ እጠሩ።

6. ከሥሩ ተቀመጡ

ይህንን ብዙ ሰው ሥራ አይለውም። ከሱብሂ (ከንጋት ሶላት) በኋላ ፀሐይ እስኪወጣ ዚክር የሚያደርጉ ሰዎች አሉን። መቀመጫውን ከግድግዳው ሥር ወደ ዛፎቹ አዛወርነው። አሁን የደረቀ ቅጠል፣ የተዘጋ ቱቦ፣ ምስጥ የጀመረው ግንድ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ ሰው በየማለዳው እዚያ ይቀመጣሉ። ብዙ አይናገሩም። ወፎቹን ያዳምጣሉ፤ ሲነሱ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ትንሽ ቀለል ይላል።

7. ሰኔ ላይ ቫልቩን አዙሩ

ዝናቡ ሲጠነክር ተራ የደረሳቸው ልጆች የዛፎቹን ቫልቭ ይዝጉ፣ የጎርፍ መውረጃውን ይክፈቱ። የማጣሪያውን ጠጠር አውጥታችሁ እጠቡት። የተረፉትን ችግኞች ቁጠሩና የሞቱትን ተኩ። መስከረም ሲያባራ ቫልቩ ወደ ዛፎቹ ይመለሳል።