ታኮ የሌለው የሩጫ ጫማ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጉልበቴን ያመኝ በነበረ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «ዜሮ ድሮፕ ግዛ፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት አስፋልት ላይ 12 ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት። ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም እግሬ ቀሎኝ ነበር። በነጋታው ግን ባቴ ድንጋይ ሆኖ፣ ከአራተኛ ፎቅ ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት። ጎረቤቴ «ተጣላህ እንዴ?» ብላኛለች።

ድሮፕ ማለት ባጭሩ የጫማው ታኮ ነው። ከተረከዝ ሥር ያለው ሶል ከፊት ካለው በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንደሚል የሚናገር ቁጥር። የተለመዱት የአስፋልት መሮጫዎች ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር አላቸው። 4 እና ከዚያ በታች የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ይባላል። ተረከዙና ፊቱ እኩል ከሆነ ዜሮ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት እኔ የሠራሁት ነው፤ መቸኮል። ተረከዝ ዝቅ ሲል ባትና የተረከዝ ጅማት ይበልጥ ይለጠጣሉ። ጉልበት ይሸከመው ከነበረው ጫና ከፊሉ ወደ እነሱ ይወርዳል። ጫናው አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ስለዚህ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሊረዳ ይችላል፤ የተረከዝ ጅማቱን ለሚያመው ግን እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለዓመታት 10 ሚሊ ሜትር ለብሶ የኖረ ሰው መጀመሪያ ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 4 ቢወርድ ይሻለዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ይራመድበት። ከዚያ ከቀላል ሶምሶማው ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ይሩጥበት፣ የቀረውን በአሮጌው። ቀስ እያለ ይጨምር። ሁለት ሦስት ወር ቢፈጅ አይገርመው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ተረከዙ ከኋላ ከቆጠቆጠው፣ ወደ አሮጌው ይመለስ።

አዲስ አበባ ለሚሮጥ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማው ዳገት ነው። ዳገት ስንወጣ ተረከዛችን ከጣታችን በታች ይውላል፤ ባት በራሱ ጊዜ ሥራ በዝቶበታል። ዜሮ ድሮፕ ለብሶ የእንጦጦን መንገድ መጀመር ማለት ሁለቱን ፈተና በአንድ ቀን መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሜዳውን።

ሁለተኛው ስህተት ዝቅተኛ ድሮፕን ከስስ ሶል ጋር ማምታታት ነው። አይገናኙም። የሆካ ጫማዎችን ያየ ያውቃል፤ ሶላቸው እንደ ፍራሽ ወፍራም ነው፣ የብዙዎቹ ድሮፕ ግን 5 አካባቢ ነው። ሯጩ ደራራ ሁሪሳ በ2021 እ.ኤ.አ. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ የተሰረዘው የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ነው። የሚፈቀደው 4 ነበር። እዚያ የተለካው ውፍረቱ ነው፤ ድሮፑን ማንም አልጠየቀም። ስትገዙ ሁለቱንም ጠይቁ። አስፋልት ላይ ለረጅም ልምምድ እኔ የምመርጠው ድሮፑ 4 ሆኖ ሶሉ ደህና ውፍረት ያለውን ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ!» የሚለው ክርክር አይቀርም። አዎ፣ ሮም፣ 1960 እ.ኤ.አ.። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በሦስት ደቂቃ ገደማ ፈጥኖ ገባ። ያን ማንም አያነሳም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበት ጫማም ዜሮ አይደለም፤ ድሮፑ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሯጩ ይበልጣል የሚባል ነገር የለም።

ጫማው አሯሯጤን ያስተካክልልኛል ብሎ መግዛትም አለ። አያስተካክልም። እግሩን አርቆ እየወረወረ በተረከዙ የሚያርፍ ሰው በአዲሱም ያንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ከተረከዙ ሥር ያለው መከታ መሳሳቱ ነው። እርምጃ ማሳጠር በነፃ ነው።

ሳልባጅ የምትገዙ ደግሞ ድሮፑን ከኢንተርኔት አንብባችሁ አትመኑ። ያ ቁጥር የአዲሱ ጫማ ነው። ያገለገለ ጫማ የተረከዙ ውጪ ጠርዝ ይበላል፤ ስፖንጁም ይተኛል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላው ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ዋጋውን አትጠይቁ። ከውጪ በማስመሪያ መለካትም ያሳስታል፤ የሶሉ ጠርዝ እግራችን ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ ስለሚሠራ።

የመጨረሻው ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ማዘዝ ነው። «42 ነኝ» ብሎ ስልክ መዝጋት። የአሜሪካ ቁጥር ሌላ ነው፤ የወንዱና የሴቱ እንኳን አንድ አይደለም። 42 ራሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አሁን የምትሮጡበትን ጫማ ምላስ ገልብጡ፤ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ፣ 26.5 ወይም 27። ጫማው የሚመቻችሁ ከሆነ እሱን ላኩለት። ስትቆሙ ከአውራ ጣታችሁ ፊት የአንድ ጣት ስፋት የማይተርፍ ከሆነ ግን ግማሽ ሴንቲ ጨምሩበት። ከሻንጣ የወጣ ጫማ ጠበበኝ ተብሎ አይመለስም።