ጦር ተተራምሶ ሲወጣ ተጠያቂው ማነው? ለክርክር መድረክ አዘጋጆች

«በ2013 የአሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን ሲወጣ ለተፈጠረው የካቡል ትርምስ ተጠያቂው ማነው?» ብላችሁ በጥሬው መድረክ ከከፈታችሁ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ ግማሹ ተሰብሳቢ ትራምፕን፣ ግማሹ ባይደንን ይዞ ይቆማል፤ ቀሪው ሰዓት በጩኸት ያልቃል። ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ አራት ጥያቄ በአንድ ታጭቆበታል። መውጣቱን የወሰነው ማነው? ቀኑን የቆረጠው ማነው? ዕቅዱን ያወጣው ማነው? በዕለቱ መሬት ላይ የመራው ማነው? ጦሩ መውጣት ነበረበት የሚል ሰው አወጣጡን ሊያወግዝ ይችላል። እነዚህ ሳይለያዩ የተጀመረ ክርክር የትም አይደርስም።

ጅማ ላይ እንዲህ ያለ መድረክ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በሰፈር ስታዘጋጁ ከ20 እስከ 24 ሰው ይበቃል። በአራት ቡድን ክፈሏቸውና ለየቡድኑ አንድ ጥያቄ፣ አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማርከርና 20 ፍሬ ጥሬ ቡና ስጡ (የቡናውን ጥቅም ኋላ እንመጣበታለን)። ሁለት ሰዓት ያዙለት። ክረምት ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሩ፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ በማይክም መደማመጥ የለም።

መጀመሪያ የሚሠራው የቀን ካርድ ነው። ኤ4 ወረቀት ለአራት ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን፣ የወሰነውን ሰው፣ በዚያ ቀን በእጁ የነበረውን መረጃና አማራጭ ጻፉ። የካቲት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. የትራምፕ አስተዳደርና ታሊባን ዶሃ (ኳታር) ላይ ተፈራረሙ፤ ጦሩ በ14 ወር እንዲወጣ ተቆረጠ፤ የካቡል መንግሥት ፈራሚ አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 2013 ባይደን መውጣቱን አጸኑ፤ የማብቂያውን ቀን ግን ገፉት። በሰኔ መጨረሻ ከካቡል በስተሰሜን ያለው ዋናው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ባግራም በሌሊት ተለቀቀ። ነሐሴ 9 የአፍጋኒስታኑ ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ አገር ጥለው ወጡ፤ ካቡልም በታሊባን እጅ ገባች። ነሐሴ 24 እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻው የአሜሪካ አውሮፕላን ተነሣ። የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስትመልሱ ተጠንቀቁ፦ ባይደን መጀመሪያ የቆረጡት ሴፕቴምበር 11 የእኛ እንቁጣጣሽ ስለሆነ 2014 ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ላይ ዓመት የሚያምታታ አይጠፋም።

ካርዱ ላይ ከቀኑ በኋላ የታወቀ ነገር አይጻፍም። ይህን ሕግ ካላስከበራችሁ ክርክሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ካቡል በነሐሴ እንደምትወድቅ ዛሬ ሁሉም ያውቃል። የሚጠየቀው ሰውየው ያኔ ምን ያውቅ ነበር፣ ሌላስ ምን ማድረግ ይችል ነበር ነው።

ባግራምን ለብቻው ያዙት፤ ውሳኔን ወደ ላይ መከተል የሚለመድበት ምርጥ ምሳሌ ነው። ባግራም ሁለት ማኮብኮቢያ ሲኖረው የካቡሉ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አንድ ነው። እንግዲያው ባግራምን የለቀቀ ሞኝ ማነው? ብሎ ጄኔራሉ ላይ መዝመት ይቀላል። ግን አንድ ደረጃ ውጡ። የያኔው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን መስከረም 18 ቀን 2014 ለሴኔቱ እንደተናገሩት፣ ባግራምን ለመያዝ እስከ 5,000 ወታደር ያስፈልግ ነበር። እንዲቆይ የተፈቀደው ጦር ግን በካቡል የነበረውን የአሜሪካ ኤምባሲ ለመጠበቅ የሚበቃ ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ቁጥሩን ማን ወሰነ?» ይሆናል፤ መልሱም ኋይት ሐውስ ነው። በዚያው የሴኔት ጥያቄና መልስ ላይ የቀጠናው የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማክኬንዚ 2,500 ያህል ወታደር ቢቆይ ይሻል ነበር የሚል አቋም እንደነበራቸው ተናግረዋል። ይህ ግን ጄኔራሎቹን ነፃ አያወጣቸውም፦ ሰፈሩን ለአዲሱ አፍጋናዊ አዛዥ በወጉ ሳያስረክቡ በሌሊት መውጣት የቁጥር ጉዳይ አይደለም፤ እሱ የእነሱ ነው።

ብዙ ቡድን የሚያልፈው ካርድ የኮንትራክተሮቹ ነው። የዶሃው ስምምነት ከወታደሩ ጋር የግል ድርጅት ሠራተኞችም እንዲወጡ ያስገድዳል። የአፍጋን አየር ኃይል አውሮፕላኖች የሚጠገኑት በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች ነበር። እነሱ ሲወጡ የበረራ አቅሙ ተሽመደመደ፤ ሩቅ ላለ ምሽግ ጥይትና ስንቅ ማድረስ፣ ቁስለኛ ማንሣት ከበደ። ይህ ሸክም ለሁለት ይከፈላል፦ በ2012 ለፈረመውና በ2013 ምትክ ሳያዘጋጅ ላስፈጸመው።

ነሐሴ 20 በካቡል አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የደረሰው ፍንዳታ 13 የአሜሪካ ወታደሮችንና 170 ገደማ አፍጋናውያንን ገድሏል። የግድያው ባለቤት የአይሲስ የአፍጋኒስታን ቅርንጫፍ ነው፤ ሕዝቡ በአንድ በር ላይ እንዲታፈግ ያደረገው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኤምባሲው ሰው ማስወጣት መጀመር የነበረበት መቼ እንደሆነ እዚህ ይነሣል። ነሐሴ 23 በአሜሪካ ድሮን የተገደሉት 10 ሰላማዊ ሰዎች፣ ሰባቱ ሕፃናት፣ የራሳቸው ካርድ ይኑራቸው። ያንን በግርግሩ ማሳበብ አይቻልም፤ ዒላማ መርጦ የተተኮሰ ነው። የአፍጋን ባለሥልጣናትም አይዘለሉ፤ ደመወዙ የሚወጣለት፣ በምሽጉ ግን የሌለ ወታደር የፈጠሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ቡናው። እያንዳንዱ ቡድን 20ውን ፍሬ በደረሰው ጥያቄ ስር ባሉ ስሞች ላይ ያከፋፍል፤ ካርድ ያልቀረበበት ስም ፍሬ አያገኝም፣ ለአንድ ስም ከ12 በላይ አይሰጥም። አምስት አምስት አድርጎ እኩል የሚያድል ቡድን ይመጣል፤ ያ ሽሽት ነው። አንደኛውን ከሁለተኛው የሚለይ አንድ ካርድ እንዲያወጣ 10 ደቂቃ ስጡትና መልሱት።

የካቡሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ አገር ቤት ግቡ፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። ለመለማመጃ ጣሊያን በ1933 ሰኔ ጅማን ለቆ ወደ ምዕራብ ያፈገፈገበትና ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን የሰጠበት ይሻላል፤ የሚቆጣ ሰው የለም። የ1983ቱ የደርግ ጦር መበተን ግን ሌላ ነው፤ ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ሐራሬ ሲበሩ ግንባር ላይ የነበረ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ አባት «ለምን ሸሻችሁ?» አይባልም። «አባባ፣ የመጨረሻው ትዕዛዝ የደረስዎ ከማን ነበር? ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ላይ ማን መለሰልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትን እንዳለ በካርድ ላይ አስፍሩ፣ ሳታነቡላቸውም ግድግዳ ላይ አትለጥፉ።