የተንሸራታች በር ቺንጋ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

በሞተርና ጥርስ ባለው ቺንጋ (በሩን በሚጎትተው ቀበቶ) የሚሠራ ተንሸራታች በር ሲያስቸግር የብዙ ባለሙያ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መወጠሪያው ብሎን ነው። ቺንጋው ይጠብቃል፣ በሩም ለጊዜው ይሻለዋል፤ ሰንበት ብሎ ግን የሞተሩ ኩሽኔታ (ዘንጉን የያዘው ቤሪንግ) መጮኽ ይጀምራል። መላላት ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑን ለመጨረሻ አቆዩት።

ከሁሉ በፊት ኃይል አጥፉ። መጠባበቂያ ባትሪ ካለው እሱንም ንቀሉ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚከፈት በር ጣት ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ቺንጋውን ከበሩ ፍቱና በሩን በአንጠልጣይ ሚዛን ጎትቱት። እኔ ስሌት ላይ የክብደቱን 2 በመቶ ለሰበቃ እይዛለሁ፤ ለ80 ኪ.ግ በር 1.6 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሚዛኑ ሦስትና አራት እጥፍ ካሳየ ችግሩ ሮለሩ ወይም ሐዲዱ ላይ ነው፤ ቺንጋ መቀየሩ ምንም አይፈይድም።

ሲነሳ ወይም አቅጣጫ ሲቀይር ጥርስ ይዘላል

በሩ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሲዘጋ ክፍተት ይተዋል፤ መቆጣጠሪያው በሩ ያለበትን ቦታ ስቶታል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ኃይሉን አስሉ። ባለ ሁለት ተካፋች (ክንፍ) በር እንውሰድ፣ እያንዳንዱ 80 ኪ.ግ። በ0.5 ሰከንድ ወደ 0.5 ሜትር በሰከንድ ይድረስ ከተባለ ፍጥንጥነቱ 1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ለአንዱ ተካፋች 80 ኒውተን፣ ከሰበቃው 16 ጋር 96 ኒውተን ይሆናል። አንደኛው ከቺንጋው የላይኛው ወገን፣ ሌላኛው ከታችኛው ጋር ስለታሰረ ሞተሩ ሁለቱንም ይጎትታል፤ 192 ኒውተን። የአንዱን ብቻ አስልቶ ሞተርና ቺንጋ የመረጠ ዲዛይን በተደጋጋሚ ይታያል። ባለ 24 ጥርስ፣ 5 ሚ.ሜ ፒች (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ባለ ጥርስ መንኮራኩር) ላይ ይህ ወደ 3.7 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይመጣል።

ቀጥሎ ውጥረቱ። እንዲህ በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ በሚያመላልስ ሥራ የቅድሚያ ውጥረቱ ቢያንስ ከሥራው ኃይል ጋር እኩል ይሁን፤ እዚህ ወደ 200 ኒውተን። ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ግን የሁለቱ ወገን ድምር፣ 400 ኒውተን ነው። የሞተሩ ኩሽኔታ ይህን የጎን ጭነት ካልቻለ መፍትሔው ማላላት ሳይሆን ሌላ ሞተር ወይም ከውጭ የሚደግፍ ኩሽኔታ ነው።

ለመለካት ቺንጋውን እንደ ክራር ክር ነካ አድርጉና ድግግሞሹን (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ድምፅ በሚለካ የስልክ አፕ አንብቡ። ውጥረቱ፣ 4 ሲባዛ የአንድ ሜትር ክብደት በኪ.ግ፣ ሲባዛ የርዝመቱ ስኩዌር፣ ሲባዛ የድግግሞሹ ስኩዌር ነው። ቺንጋው በሜትር 60 ግራም ቢመዝን፣ 2 ሜትር የሆነ ነፃ ርዝመት በ200 ኒውተን 14 ሄርዝ ያህል ይሰጣል፤ ይህን ጆሮም ስልክም አይሰማውም። ከፑሊው 0.5 ሜትር ላይ ቺንጋውን ወደ ጎን ሳትገፉ ቆንጥጣችሁ ያዙት፤ አሁን ወደ 58 ሄርዝ ይወጣል።

ውጥረቱ ልክ ሆኖም ከዘለለ ፑሊው ላይ የተነከሱትን ጥርሶች ቁጠሩ። ከ6 በታች ከሆኑ ቺንጋው ሙሉ አቅሙን አይሸከምም። ሁለት እኩል ፑሊ ሲሆን ግማሹ ብቻ ስለሚነከስ ባለ 10 ጥርስ ፑሊ 5 ብቻ ይሰጣል፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የሚገባበት ወጥመድ ነው።

ቺንጋው በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ፒቹን ተጠራጠሩ። ቲ5 የተባለው የቺንጋ ዓይነት ፒቹ 5 ሚ.ሜ፣ ኤክስ.ኤል የተባለው 5.08 ሚ.ሜ ነው። በእጅ ሲሞከር የገባ ይመስላል፤ 10 ጥርስ ላይ ግን ልዩነቱ 0.8 ሚ.ሜ ደርሶ ጥርሱ የፑሊው ጫፍ ላይ ይወጣል። በካሊፐር 20 ጥርስ ለኩ፦ 100 ወይስ 101.6? ኤች.ቲ.ዲ 5ኤም የተባለው ዓይነት ደግሞ ፒቹ ከቲ5 ጋር አንድ ሆኖ ጥርሱ ክብ ነው፤ የቲ5 ግን ትራፒዞይድ። በልኬት አይያዝም፣ ዓይን ይፈልጋል።

ጥርሶቹ ከሥራቸው ተቆርጠዋል

መቆሚያዎቹን (በሩ ጫፍ ሲደርስ የሚመታባቸውን) ተመልከቱ። የሁለቱ ተካፋች መቆሚያ እኩል ካልተስተካከለ አንደኛው ቀድሞ ይመታል፤ የቀረው 80 ኪ.ግ፣ በ0.5 ሜትር በሰከንድ 10 ጁል ይዞ፣ የሚቆመው በቺንጋው ብቻ ነው። የሞተሩ ሮተርም (የሚሽከረከረው ክፍል) ይጨመርበታል፦ ማርሹ 15 ለ 1 ከሆነ የሮተሩ ኢነርሺያ (ፍጥነቱ እንዳይለወጥ ያለው እምቢታ) ፑሊው ላይ 225 እጥፍ ሆኖ ይሰማል። መቆሚያዎቹን አንድ ላይ እንዲነኩ አስተካክሉ፤ በሩ ደግሞ ሳይደርስባቸው በመቆጣጠሪያው እንዲቆም አድርጉ። መቆሚያ ለክፉ ቀን ነው።

በሩ ሲቆም ይወዛወዛል

መጀመሪያ ፑሊው ዘንጉ ላይ መላወሱን ፈትሹ። ጠብቆ ከተያዘ የሚወዛወዘው ቺንጋው ነው፤ እንደ ሞላ ይለጠጣል። ግትርነቱን (ላለመለጠጥ ያለውን እምቢታ) የሚወስኑት የውስጥ ክሮቹ፣ ስፋቱና ርዝመቱ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን በሥራ ላይ እስካልላሉ ድረስ ተጨማሪ ውጥረት ምንም አይጨምርም። ይህን የማይቀበል ባለሙያ ብዙ ነው፣ ብሎኑንም ማጥበቁን አይተውም። ርካሹ መፍትሔ አቋቋሙን ማለስለስ፣ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ካልበቃ ከ15 ወደ 25 ሚ.ሜ ስፋት ውጡ፤ ግትርነቱ በሁለት ሦስተኛ ያድጋል።

አንዱ ጠርዝ ይላጫል

ፑሊዎቹ ትይዩ አይደሉም። ስህተቱ ከሩብ ዲግሪ፣ በአንድ ሜትር ከ4 ሚ.ሜ ገደማ አይለፍ። በሩ ፑሊው አጠገብ ሲደርስ ብቻ የሚላጭ ከሆነ ግን ፑሊውን ተዉት፤ የበሩ መያዣ ከቺንጋው መስመር ወጥቷል። ከመያዣው ሥር ሮንዴላ መጨመር ይበቃ ይሆናል። በሮች ላይ ርቀቱ ረጅም ስለሆነ ሁለቱም ፑሊ ከንፈር (ቺንጋው ወደ ጎን እንዳይወጣ የሚይዝ ጠርዝ) ያለው ይሁን።

መያዣው ጋ ይበጠሳል

የተሰበረውን ጫፍ አቅርባችሁ እዩት። ቺንጋው በብሎን ተበስቶ ከሆነ ከቀዳዳው ዙሪያ የብረት ክሮች እንደ ጸጉር ወጥተው ታያላችሁ፤ ብሎኑ የቆረጠው ጭነት የሚሸከመውን ክር ራሱን ነው። የሚያስፈልገው የቺንጋው ጥርስ የተቀረጸበት ሳህን ነው፤ ቢያንስ 6 ጥርስ ይያዝ፣ ብሎኖቹም ከቺንጋው ጎን ይለፉ። የመስታወት ክር ያለውን ቺንጋ ስትገጥሙ አትጠፉት፤ ዛሬ የታጠፈበት ቦታ በኋላ የሚበጠስበት ነው።

ይጮኻል፣ ጥቁር ዱቄት ያራግፋል

ከመጠን ያለፈ ውጥረት ወይም የፑሊ መጣመም ነው። ግራሶ አትቀቡት፤ ድምፁን ለአጭር ጊዜ ሸፍኖ ጎማውን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል።