ድመትዎ ኮሮና ያዛት ከተባለ፦ ናሙና አወሳሰድና ዓይነቱን መለየት

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ድመታቸውን በካርቶን ይዘው ከሄርማታ ሰፈር መጡ። ጅማ ዝናቡ አላባራ ያለበት ቀን ነበር። የድመቷ ሆድ ተነፍቷል፤ የጀርባዋ አጥንት ግን ይቆጠራል። ትኩሳቷም በአንቲባዮቲክ አልወርድ ብሏል።

«ልጄ፣ ኮሮና ነው አሉኝ። የልጅ ልጆቼን ይይዝብኝ ይሆን?»

«አይይዝም፣ እማማ» አልኳቸው። የድመት ኮሮና አልፋ ከሚባለው ወገን ነው፤ ኮቪድን ያመጣው ደግሞ ቤታ ከሚባለው።

ለሙያ ጓደኞቼ ልንገራችሁ፦ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ናሙና ሲወሰድ ነው። ሰገራ ላይ ቫይረሱ ተገኘ ማለት ድመቷ ሞት ተፈረደባት ማለት አይደለም። ብዙ ጤነኛ ድመቶች አንጀታቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ፤ ቢበዛ ተቅማጥ ነው። ከተያዙት ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ ግን ቫይረሱ ይለወጥና ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነት ይዳረሳል። ኤፍአይፒ የምንለው ይኼንን ነው። ስለዚህ ሆዷ ፈሳሽ ከቋጠረ፣ ፈሳሹን ቅዱ። ደም ላይ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ «የለም» የሚል ውጤት አያስተማምንም።

ፈሳሹ ቢጫና የሚዝለገለግ ነው። እኔ መጀመሪያ ሪቫልታ የሚባለውን ቀላል የፈሳሽ ምርመራ እሠራለሁ። 8 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ጨምሬ አደባልቃለሁ። ከዚያ ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ቀስ አድርጌ ላዩ ላይ አኖራለሁ። ጠብታው ቅርጹን ይዞ ከቆየ ፖዘቲቭ ነው። ሟሙቶ ከጠፋ ኤፍአይፒ የመሆኑ ነገር በጣም ያጠራጥራል። ፖዘቲቩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም እንዲህ ያሳያል።

የቫይረሱ ዘር አር ኤን ኤ ነው፤ ቶሎ ይበላሻል። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያኖርኩት ናሙና ተበላሸብኝ። ያቺን የደከመች ድመት እንደገና በመርፌ ወጋኋት። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ኤዲቲኤ ቱቦ (ናሙናው እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት) እና በረዶ የሞላው አይስ ቦክስ ሳላዘጋጅ መርፌ አላነሳም።

ላብራቶሪ ውስጥ አር ኤን ኤው ተለይቶ ይወጣል፣ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ከዚያ ፒሲአር በሚባለው የማባዣ ዘዴ ይባዛል። የመጀመሪያው ዙር «አለ ወይስ የለም» ለሚለው ነው፤ ለዚህ ብዙም የማይለዋወጥ የጂኖም ክፍል ይመረጣል። ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦና ቫይረሱ እንዳለበት የታወቀ ናሙና ሁልጊዜ አብራችሁ አስገቡ። ውሃው ፖዘቲቭ ካሳየ ብክለት ገብቷል ማለት ነው፤ ቢቆጫችሁም ሁሉንም ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ።

ዓይነቱን የሚለየው የስፓይክ ጂን ነው፤ ስፓይክ ማለት ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበት እሾህ መሰል ፕሮቲን ነው። ዓይነት 1 የድመት የራሱ ስፓይክ አለው። ዓይነት 2 ግን ስፓይኩን የወሰደው ከውሻ ኮሮና ነው፤ ሁለቱ ቫይረሶች ተዳቅለው የመጣ ነው። ለየዓይነቱ የተሠራ ፕራይመር (ፒሲአሩ ማባዛት የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ስላለ የትኛው እንደሆነ ጄል ላይ ይታያል። ጂኑን እስከ ማንበብ ከደረሳችሁ ደግሞ የስፓይኩን 1058ኛ አሚኖ አሲድ እዩ። ሜቲዮኒን በሉሲን ከተተካ ቫይረሱ ከአንጀት መውጣቱን ይጠቁማል። ይህን ብቻ ይዛችሁ ግን «ኤፍአይፒ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከምልክቱና ከፈሳሹ ጋር አያይዙት።

የእማማ ድመት ፈሳሽ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ዓይነት 1። ቤት ውስጥ ሁለት ሌሎች ድመቶች አሏቸው።

«እነሱንስ አውጥቼ ልጣላቸው?»

«አይጣሉ፣ እማማ። የሚጸዳዱበትን አሸዋ በየቀኑ ይቀይሩ፤ ከሚበሉበትም ያርቁት።»